መረሬ አፈር ላይ ያለ ትምህርት ቤት ማደስና ክፍል መጨመር፦ ከየት ይጀመር?

ወተመህ_አቃቂ፣ ጥቅምት 9

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የምጽፈው በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ስም ነው። አቃቂ ቃሊቲ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ያለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊታደስ ነው። ያለው 4 ክፍል የጭቃ ብሎክ (ሕንፃ)፣ 4 ክፍል የብሎኬት ብሎክ፣ አንድ የመምህራን ክፍልና 6 መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት ነው። ከኦ ክፍል እስከ 6ኛ 620 ተማሪ ይማርበታል። ወላጆች ገንዘብም ጉልበትም አዋጥተዋል፣ ወረዳውም የተወሰነ በጀት ይዟል።

ሐሳቡ 2 ክፍል መጨመርና የብሎኬቱን ብሎክ ስንጥቅ መድፈን ነው። ስንጥቁ ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱ ቦታ ጣት ያስገባል። የክፍሎቹ ወለልም መሐሉ አብጧል። ኮለኖቹ (የኮንክሪት ምሰሶዎቹ) ላይ ፌሮ ወጥቶ ስለተተወ «ፎቅ እንጨምርበት፣ ቦታ እንቆጥባለን» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሥራውን ልጆቹ በሌሉበት በሐምሌና በነሐሴ ለመሥራት ታስቧል። የምታውቁ ምከሩን።

መሐንዲስ_ቃሊቲ፣ ጥቅምት 9

ስንጥቁን ለጊዜው አትድፈኑት። ከመስኮት ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅና መሐሉ ያበጠ ወለል አንድ ላይ ከታዩ ጥፋቱ ከግንቡ አይደለም፣ ከሥር ነው። በዚያ አካባቢ ያለው መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ በበጋ ደርቆ ይሸበሸባል፣ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። የቤቱ ጠርዝ ቶሎ ይረጥባል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ መሐሉ ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ግድግዳውና ወለሉ እኩል ስለማይነሱና እኩል ስለማይወርዱ ይቀደዳል። ዛሬ በሲሚንቶ ብትደፍኑት ሰኔ ላይ አጠገቡ ሌላ ይከፈታል።

መጀመሪያ ስንጥቁ እየሠራ ነው ወይስ ቆሟል የሚለውን እወቁ። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀን ጻፉበት። ሰፊው ቦታ ላይ ደግሞ ስስ የመስታወት ቁራጭ በጀሶ አሻግራችሁ ለጥፉ። መስታወቱ ከተሰበረ እንቅስቃሴ አለ። ስፋቱን በየወሩ እየለካችሁ መዝግቡ። በክረምት የሚጠብ፣ በበጋ የሚሰፋ ከሆነ የአፈሩ ሥራ ነው። በጋም ክረምትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሰፋ ከሄደ ግን መሠረቱ እየሰጠመ ስለሆነ መዋቅር መሐንዲስ ሳያየው ልጆች ቢገቡበት ጥሩ አይደለም።

ፎቁን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። ኮለን ላይ የወጣ ፌሮ ከሥር ያለው ፉቲንግ (የምሰሶው መሠረት) ሌላ ወለል ይሸከማል ማለት አይደለም። ለመማሪያ ክፍል የሚታሰበው የሰውና የዕቃ ጭነት ብቻ በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ የስላቡን (የፎቁን ወለል ኮንክሪት) ክብደት ሳይጨምር። አሁን ባለው ጭነት እየተሰነጠቀ ያለ ቤት ይህን አይችልም። በዚያ ላይ ለዓመታት ዝናብ የመታው ፌሮ ዝጎ ውፍረቱን ያጣል። በ2017 ዓ.ም ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እንደተሰማም አንርሳ።

ፎርማን_ገላን፣ ጥቅምት 10

የሐምሌና የነሐሴውን ሐሳብ ብትተዉት እመርጣለሁ። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜና ዝናብ የሚበረታበት ጊዜ አንድ ነው። በክረምት መረሬ ላይ መሠረት መቆፈር ማለት ጉድጓዱን ውኃ ይሞላዋል፣ ዳሩ ይናዳል፣ ሲኖትራክም ግቢ አይገባም፤ ቢገባም አይወጣም። የተጠቀጠቀ አፈር በጭቃ ላይ አይጠነክርም።

አዲሱ ብሎክ ከነባሮቹ ራቅ ብሎ ስለሚሠራ በትምህርት ጊዜም ቢሆን በቆርቆሮ አጥር ከልላችሁ በበጋ ሥሩት። ኅዳር ላይ የአፈር ምርመራውና ፈቃዱ ይለቅ። ታኅሣሥ ቁፋሮና ሙሌት፣ ጥር ፉቲንግና ግራውንድ ቢም (ግድግዳውን ከታች የሚሸከም ኮንክሪት)፣ የካቲት ግንብና ቶፕ ታይ ቢም (ግድግዳውን ከላይ የሚያስር ኮንክሪት)። የበልጉ ዝናብና ንፋስ ሳይጠነክር ጣሪያ ይመታ፤ ሚያዝያ ላይ አሸንዳና ቦይ ይለቅ። ልስን፣ ሊሾና ቀለም በግንቦትና በሰኔ ከጣሪያ ሥር ይሠራል። ክረምቱን ልጆች ስለማይኖሩ ለነባሮቹ ክፍሎች የውስጥ እድሳት አውሉት፦ ኮርኒስ፣ በር፣ መስኮት፣ ኤሌክትሪክ፣ ቀለም።

አንድ ጥንቃቄ፦ በበጋ የተቆፈረ ጉድጓድ ክፍት ሆኖ አይሰንብት። ዳሩና ሥሩ በፀሐይ ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ኮንክሪት ቢፈስስበት ክረምት ሲመጣ ያው አፈር አብጦ ፉቲንጉን ያነሳዋል። የመጨረሻዋን 20 ሴንቲ ሳትቆፍሩ ቆዩና ሊንኮንክሪት (ከፉቲንጉ ሥር የሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት) በሚፈስስበት ቀን ጠዋት አውጡ።

አርክቴክት_ሰሚት፣ ጥቅምት 10

እኔ ደግሞ ቁጥሩ ላይ ጥያቄ አለኝ። 620 ተማሪ በ8 ክፍል ሲካፈል በክፍል 77 ይሆናል። 2 ስትጨምሩ 62 ነው። በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 የሚለው መለኪያ ጋር ለመድረስ 13 ክፍል ያስፈልጋል። ገንዘቡ ዛሬ ለ2 ብቻ ቢበቃም ቦታውን ለ4 ወይም ለ5 ክፍል አቅዱ፤ የግቢውን ፕላን አንድ ጊዜ ሥሩና በየዓመቱ 2፣ 2 ክፍል ጨምሩ። አለበለዚያ የዛሬው ብሎክ የነገውን ቦታ ይዘጋዋል፣ ሜዳውም ያልቃል።

የክፍሉ ልክ 7 በ8 ሜትር ይሁን። ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ከዞረ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ያርፋል፣ የፊት ረድፍ ልጆች ጽሑፉን አያዩትም። የመስኮቱ ስፋት ከወለሉ ስፋት 20 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በአንድ ክፍል 11 ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ለሁለቱም ረጅም ግድግዳዎች ይከፈል፤ አየር የሚዘዋወረው እንዲያ ሲሆን ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ስፋቱ 1 ሜትር ይሁን። ራምፑ (የዊልቸር መውጫው ተዳፋት) ከፍታው 1 ሲሆን ርዝመቱ 12 ነው፤ ወለሉ ከመሬት 45 ሴንቲ ከፍ ካለ 5.40 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ከመጀመሪያው ፕላን ላይ ካልገባ በኋላ ቦታ አይገኝለትም፣ ዊልቸር ያለው ልጅም ደረጃ ሥር ይቀራል።

ፈቃድን በሚመለከት፦ በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ትምህርት ቤት የሕዝብ መገልገያ ስለሆነ ባለ አንድ ወለል ቢሆንም የሚታየው በምድብ «ሐ»፣ ማለትም ከሕዝብ ሕንፃዎች ጋር ነበር። ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ፕላን አስተካክላችሁ አታስገቡ፤ ወደ ኋላ ይመለስባችኋል።

ወተመህ_አቃቂ፣ ጥቅምት 11

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሁላችሁንም። ፎቁን ትተናል፤ ወላጆችም የጭነቱን ስሌት ሲሰሙ ተስማምተዋል። አፈሩን እንዴት እንመርምር? መረሬው ወጥቶ በቦታው የሚገባው ሙሌትስ ስንት መኪና ይፈጃል? አንድ ግንበኛ ቀይ አሸዋ ይበቃል ይላል።

መሐንዲስ_ቃሊቲ፣ ጥቅምት 11

አዲሱ ብሎክ በሚያርፍበት ቦታ ሁለት ማዕዘን ላይ 1 በ1 የሆነ ጉድጓድ እስከ 3 ሜትር ወይም ደረቅ ድንጋይ እስኪገኝ ይቆፈር። ጥልቀቱ ከ1.20 ሜትር ካለፈ ሰው ያለ ድጋፍ አይግባበት፣ መረሬ ድንገት ይናዳል። አፈሩ የት ላይ እንደሚለወጥ በሜትር ለኩና ናሙና ለላብራቶሪ ላኩ።

እስከዚያው ራሳችሁ ልታዩት የምትችሉት ምርመራ አለ። አፈሩን አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ በደቃቅ ወንፊት ንፉና 10 ሚሊ ሊትር ለኩ። 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ መስመር መለኪያ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ዱቄቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ከሥር የተኛው አፈር ከ15 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ እምብዛም አያሰጋም። 20 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ አደገኛ ነው። ይህ ግን የላብራቶሪውን ቦታ አይተካም፣ ዲዛይን የሚሠራው ሰው የሚፈልገው ሙሉውን ውጤት ነው።

ሙሌቱን እንቁጠረው። ባለ 2 ክፍሉ ብሎክ ከውጭ 16.60 በ7.40 ሜትር ይሆናል። አፈሩ ከቤቱ ጠርዝ 1 ሜትር አልፎ መለወጥ ስላለበት 18.60 በ9.40፣ ማለትም 175 ካሬ ሜትር። በ80 ሴንቲ ጥልቀት 140 ሜትር ኪዩብ ተቆፍሮ ይወጣል። የሚገባው ሙሌት ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 25 በመቶ ጨምሩበት፤ 175 ሜትር ኪዩብ። 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ገልባጭ 11 ጊዜ ነው። በየ20 ሴንቲው እየተነጠፈ፣ በልኩ ውኃ እየተረጨ በጃምፐር ወይም በፕሌት ኮምፓክተር ይጠቅጠቅ። 80 ሴንቲውን አንዴ ገልብጦ ከላይ መምታት ላዩን ብቻ ነው የሚያጠነክረው።

ፎርማን_ገላን፣ ጥቅምት 11

ቀይ አሸዋው ላይ ልጨምር፣ ብዙ ቤት የተበላሸበት ነገር ስለሆነ። ቀይ አሸዋ አያብጥም፣ እሱ ልክ ነው። ውኃ ግን ያሳልፋል። መረሬ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድን በቀይ አሸዋ ብቻ ሞልታችሁ ዳሩን ክፍት ከተዋችሁት የጣሪያው ውኃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፣ ከሥር ያለው መረሬም ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ስለዚህ የላይኛው 30 ሴንቲ በደንብ የሚጠቀጠቅ፣ ውኃ የማያሳልፍ ሰሌክት ማቴሪያል (የተመረጠ የሙሌት አፈር) ይሁን። በላዩ በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው ኮንክሪት መራመጃ ከግድግዳው ወደ ውጭ በሜትር 3 ሴንቲ አዘቅዝቆ ይሠራ። ከመራመጃው ቀጥሎ ደግሞ በድንጋይ የተገነባ ቦይ።

የተሰነጠቀው የብሎኬት ብሎክም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ አሸንዳ፣ መራመጃ፣ ቦይ። ከግድግዳው አጠገብ ባህር ዛፍ ካለ ይቆረጥ። ሥሩ በበጋ ከመሠረቱ ሥር እርጥበት ይመጥጣል። ዛፉ ከቤቱ መራቅ ያለበት ቢያንስ በራሱ ቁመት ያህል ነው። ይህ ተሠርቶ አንድ በጋና አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ መስታወቶቹ ካልተሰበሩ ያን ጊዜ ስንጥቁን መስፋት ይቻላል፦ በየሦስተኛው የብሎኬት ረድፍ መጋጠሚያውን ቦርቡሩና 8 ሚሊ ፌሮ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 50፣ 50 ሴንቲ አሳልፋችሁ በሲሚንቶ ቅበሩት። ያበጠው ወለል ተነስቶ እንደ አዲስ ይሠራል፤ 25 ሴንቲ የድንጋይ ንጣፍ (ሶሊንግ)፣ ላስቲክ፣ 10 ሴንቲ ኮንክሪት። ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፣ 2 ሴንቲ ክፍተት ይተውለት።

ግንበኛው_ቃሊቲ፣ ጥቅምት 12

ሰላም ለሁላችሁ። ብሎኬት ስንት እንደሚፈጅ ልጨምር፦ የአዲሱ ብሎክ ግድግዳ ጠቅላላ ርዝመት 54 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ሲባል ወደ 162 ካሬ ነው። መስኮቱና በሩ ሲቀነስ 135 ካሬ ይቀራል። በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ነው፤ ስብራትን ጨምራችሁ 1,780 ያዙ። 20 ቁጥር (20 ሴንቲ ውፍረት ያለው) ብሎኬት ይሁን። ሲደርስ አንዱን ከደረት ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ጣሉት፤ እንደ አፈር ከተበተነ አትቀበሉት።

የኮንክሪቱ የጥንካሬ ደረጃ ሲ-25 ከሆነ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ይሁን፣ ከአንድ ከረጢት ጋር እኩል ይመጣል። በሜትር ኪዩብ 7 ከረጢት ገደማ ይገባል። ውኃ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር በቂ ነው፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ያንሳል። ለመጎተት እንዲቀል ብሎ ውኃ መጨመር ጥንካሬውን ይገድለዋል። የወላጆች ጉልበት በሚወጣበት ቅዳሜ ቤቶኔራው (የኮንክሪት ማደባለቂያው) ዘንድ ውኃ የሚለካ አንድ ሰው ይመደብ፣ ሌላ ሥራ አይስጡት።

አሸዋውን በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈትኑ። ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪው ውኃና ትንሽ ጨው፤ ነቅንቃችሁ አሳድሩት። አሸዋው 10 ሴንቲ ቢሆን ከላዩ የሚተኛው ደለል ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ሲሚንቶ አስቀድማችሁ አትከምሩ። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ጉልበቱን ያጣል። መጋዘን ሲገባ ከመሬት በጣውላ ከፍ ይበል፣ ከግድግዳ ይራቅ፣ ከ10 ከረጢት በላይ አይደራረብ።

አርክቴክት_ሰሚት፣ ጥቅምት 12

አዲሱ ብሎክ ከአሮጌው ጋር ግድግዳ አይጋራ። አጠገቡ መሆኑ ግድ ከሆነ ከመሠረት እስከ ጣሪያ 5 ሴንቲ ክፍተት ይኑር። ለአዲሱ የሚቆፈረው ጉድጓድ የአሮጌውን መሠረት እንዳያጋልጥ አንድ ጊዜ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ቁራጭ እየተቆፈረ፣ እየተሞላ ይሂድ።

የጭቃውን ብሎክ ለማፍረስ አትቸኩሉ። የግድግዳውን ቋሚ እንጨቶች በመሬት ደረጃ በቢላ ውጉ፤ ቢላው ሳይቸገር 2 ሴንቲ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ከአራቱ ክፍሎች የበሰበሰው ቋሚ ጥቂት ከሆነ ጣሪያውን ደግፋችሁ የበሰበሰውን እግር ቆርጣችሁ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መደብ ላይ አቁሙት። ጭቃው ላይ የሲሚንቶ ልስን አትለስኑ። ጭቃው እርጥበት ሲቀበልና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው፤ ከኋላው ውኃ ይይዝና እንደ ቅርፊት ይረግፋል። በደንብ የቦካ የጭድ ጭቃ፣ በላዩ የኖራ ቅብ ይሻለዋል። አብዛኛው ቋሚ በስብሶ ከተገኘ ግን እድሳቱ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ክፍል አስቀምጡት።

ጣሪያ_ሠሪ፣ ጥቅምት 13

ቆርቆሮው ባለ 28 ጌጅ ይሁን፤ 32 ርካሽ ነው ግን በረዶ ይጎዳዋል፣ ሰው ሲወጣበትም ይጎብጣል። ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት (ሞራሌ) ርቀት ከ90 ሴንቲ አይብለጥ። ምስማር በጎርባጣው አናት ላይ እንጂ በሸለቆው አይመታ፣ በሸለቆው የተመታው ሁሉ ያፈሳል። ጎን ለጎን ሁለት ጎርባጣ፣ ላይና ታች 20 ሴንቲ ይደራረብ። የጣሪያውን እንጨት ቶፕ ታይ ቢሙ ውስጥ ቀድሞ በተቀበረ 6 ሚሊ ፌሮ እሰሩት። ቢሙ ላይ በምስማር ብቻ የተቀመጠ ጣሪያ የበልግ ንፋስ ሙሉውን አንስቶት ሊሄድ ይችላል። በረንዳ ያለው ጎን ላይ ይበልጥ ይጠንቀቁ፣ ንፋሱ ከሥር ነው የሚገባው።

ኮርኒስ አይቅር። ዝናብ ሲመታ በባዶ ቆርቆሮ ሥር የመምህሩ ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ትምህርት ክረምት መግቢያ ላይ የሚባክነው በዚህ ነው።

ወተመህ_አቃቂ፣ ጥቅምት 26

ጉድጓዱ ተቆፍሯል። መረሬው እስከ 1.60 ሜትር ይወርዳል፣ ከዚያ ቡናማ የተፈረካከሰ ድንጋይ ነው። 10 ሚሊ ሊትሩ 19 ሆኗል። ናሙናው ላብራቶሪ ገብቷል። አሁን ሁለት ጥያቄ ቀርቶናል፦ ሽንት ቤቱና የጣሪያው ውኃ። የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።

መሐንዲስ_ቃሊቲ፣ ጥቅምት 26

ድንጋዩ 1.60 ላይ መገኘቱ መልካም ዜና ነው። ፉቲንጎቹ እዚያ ላይ ያርፉና መረሬውን ሙሉ በሙሉ ያልፉታል፤ ጥልቀቱ 1.80 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ቢሆንም ዲዛይነሩ የላብራቶሪውን ውጤት አይቶ ይወስን። ግራውንድ ቢሙ መረሬው ላይ በቀጥታ አይተኛ፣ አብጦ ወደ ላይ እንዳይገፋው ከሥሩ 10 ሴንቲ ባዶ ይተውለት።

አርክቴክት_ሰሚት፣ ጥቅምት 27

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ25 ሴት ልጆች 1 መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች 1 መቀመጫና 50 ሴንቲ የሽንት መሽኛ ግድግዳ ይላል። ከ620ው ግማሹ ሴቶች ናቸው ካልን ለሴቶች 13፣ ለወንዶች 7 መቀመጫና 3 ሜትር ያህል መሽኛ። አሁን በድምሩ 6 ብቻ ነው ያላችሁ፤ እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለተኛው አዲስ ክፍል በፊት ይህ ይቀድማል። የሴቶቹና የወንዶቹ መግቢያ በተለያየ አቅጣጫ ይሁን። በሴቶቹ በኩል አንዱ ሰፋ ያለ፣ ውኃ፣ መስቀያና ክዳን ያለው ቅርጫት የገባለት ክፍል ይኑር፤ ይህ በሌለበት ትልልቆቹ ልጆች በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት ይቀራሉ። ጉድጓዱ መረሬ ውስጥ ስለሆነ ሙሉውን በድንጋይ ወይም በብሎኬት ይደገፍ። ያልተደገፈ ከሆነ በሁለተኛው ክረምት ይናዳል፣ ልጅ ላይም ሊናድ ይችላል።

ጣሪያ_ሠሪ፣ ጥቅምት 27

የአዲሱ ብሎክ ጣሪያ በረንዳውን ጨምሮ መሬት ላይ የሚሸፍነው 172 ካሬ ገደማ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ቀን ሲጥል 8,600 ሊትር ይወርዳል። በሁለት ጎን የሚወርደውን በቧንቧ አገናኝታችሁ ካመጣችሁት 10,000 ሊትር ሮቶ በአንድ ትልቅ ዝናብ ሊሞላ ምንም አይቀረው። አሸንዳውን ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፍ አዘቅዝቁት፣ በሜትር ግማሽ ሴንቲ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ አንድ አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ ይውረድ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ሮቶው ሳይገባ የሚደፋበት መቀየሪያ ይደረግለት። ይህ ውኃ ለእጅ መታጠቢያና ለሽንት ቤት ነው፣ ሳይታከም ለመጠጥ አይስጡት።

ወተመህ_አቃቂ፣ ጥቅምት 28

ሮቶው ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቢቀመጥ ችግር አለው? ቦታ ለመቆጠብ ነው።

ፎርማን_ገላን፣ ጥቅምት 28

አለው፣ አታስጠጉት። ሲሞላ 10 ቶን ስለሆነ የራሱ የኮንክሪት መደብ ያስፈልገዋል፤ መደቡም የተለወጠ አፈር ላይ ይቀመጥ፣ ከክፍሉ ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ቧንቧው የሚያንጠባጥብበትና ልጆች እጅ የሚታጠቡበት ቦታ በኮንክሪት ተነጥፎ ወደ ቦዩ ይፍሰስ። ሲሞላ የሚተርፈው ውኃም በራሱ ቱቦ ቦዩ ድረስ ይድረስ። ብዙ ጊዜ ያንን ቱቦ ሮቶው ሥር ቆርጠው ይተዉታል፣ መረሬው የሚጠጣውም ከዚያ ነው። የመታጠቢያው ቁመት ለትንንሾቹ 50፣ ለትልልቆቹ 75 ሴንቲ ይሁን።